ዜሮ ብለሽ ጻፊ

እኛ አገር «የለም» ማለት ቀላል ነው። ታክሲ የለም፣ መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ሳንቲም የለም… ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ «የለም» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀልን ነው። አንደኛው «ፈልጌ አጣሁ» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «አልፈለግሁም፣ ግን ያለ አይመስለኝም» ነው። እናታችሁ «ቁልፉን ከመሳቢያው አምጡልኝ» ስትላችሁ ከሶፋው ሳትነሱ «የለም!» ብላችሁ የምትመልሱት ይሄን ሁለተኛውን ነው። (እሷ መጥታ በአንድ ሰከንድ ታወጣዋለች። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።)

የእነዚህን የሁለት «የለም»ዎች ልዩነት ያስተማረኝ የባሕር ዳር ጭቃ ነው።

የምኖረው ሲያትል ነው። በጋ ሲገባ፣ ባሕሩ በጣም በሚሸሽባቸው ጥቂት ቀናት፣ ቦቲ ጫማዬን አድርጌ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ወደ ዳርቻው እወርድና ባሕሩ ታች ተጣብቀውና ተሸሽገው የሚኖሩትን እቆጥራለሁ። ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ ትል፣ የባሕር ኮከብ፣ የባሕር አረም… ዓሣ አይደለም። ዓሣ ቢሆንማ ቢያንስ ዘመድ ይረዳኝ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከሐበሻ ጋር የማደርገው ወሬ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤

«ይከፈልሻል?»

«አይ፣ በነጻ ነው።»

«ይበላል?»

«አንዳንዱ ይበላል። እኛ ግን እንቆጥረዋለን እንጂ አንበላውም።»

«ታዲያ?»

ይቺ «ታዲያ?» ናት ይህን ሁሉ የምታስጽፈኝ።

በመጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ሐይቅ እያየ ላደገ ሰው ባሕር ባለበት የማይቆም መሆኑ ራሱ ዜና ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ። ባሕር ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ ይሞላል፣ ይሸሻል። ሲያትል ያለችበት ፑጄት ሳውንድ የሚባለው የባሕር ሰርጥ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው። በበጋ ትልቁ ሽሽት በቀን ብርሃን ይሆናል፤ በክረምት ደግሞ በሌሊት። ስለዚህ የክረምቱ ቆጣሪ የራስ ባትሪ አስሮ በብርድ ይወርዳል። (እኔ የበጋ ሰው ነኝ።)

ባሕሩ ሲሸሽ ለጥቂት ሰዓት የተደበቀው ሁሉ ይገለጣል። ከላይ ከደረቁ አለት ጀምሮ እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሜትር ይዘረጋል። በዚያ መስመር ላይ፣ አስቀድሞ በዕጣ በወጡ ነጥቦች፣ በክር እንደ ወንፊት የተከፋፈለ ባለ አራት ማዕዘን ፍሬም ይቀመጣል። ዕጣው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሰው ፍሬሙን በፈለገበት እንዲያስቀምጥ ቢፈቀድለት ዓይኑ ወደ ቆንጆው ቦታ፣ ኮከብና አበባ ወደሚመስለው ነገር ይሄዳል፤ ውጤቱም የባሕሩ ሳይሆን የዓይናችን ቆጠራ ይሆናል። ፍሬሙ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው አንድ በአንድ ይቆጠራል። የባሕር አረሙና አለቱን እንደ ልስን የሸፈኑት ባርናክል የሚባሉት ቅርፊታሞች ግን አንድ ሁለት ተብለው ስለማይቆጠሩ፣ ክሮቹ በሚቋረጡባቸው ነጥቦች ሥር ምን እንዳለ ታይቶ ከመቶ ስንቱን እንደሸፈኑ ይጻፋል። ድንጋይ የገለበጠ ሰው መልሶ እንደነበረ ይገጥመዋል። ድንጋዩ ለሥሩ ነዋሪዎች ጣራ ነው፤ ጣራ ነቅሎ መሄድ ደግሞ ነውር ነው።

አሁን ወደ ቅጹ። የቅጹ የግራ ጎን ላይ የፍጥረቶቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ በየስሙ ትይዩ ባዶ ሳጥን አለ። መጀመሪያ በወረድኩ ቀን «ያላየሁትን ስም ምን ላድርገው? ልዝለለው?» ብዬ የቡድናችንን መሪ ጠየቅኋት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ አስተማሪነቱ ግን አልወጣላትም። «አትዝለይው። ዜሮ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። «ባዶ ሳጥን ማለት እዚህ ማንም አልነበረም ማለት ነው። ዜሮ ማለት አንቺ ነበርሽ፣ ተንበርክከሽ ፈለግሽ፣ አላገኘሽም ማለት ነው።»

ተንበርክኬ ጻፍኩ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ 3፣ ዜሮ፣ 11፣ ዜሮ…

ይህ ነገር የቢሮክራሲ ጣጣ ከመሰላችሁ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከ1931 እስከ 1933 ዊሊስ ሂዋት የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ አጠገብ ባለ አለታማ ዳርቻ ላይ ቁጭ ብሎ ይቆጥር ነበር። ከዳርቻው ወደ ባሕሩ መስመር አሰመረ፣ መስመሩን በያርድ ከፋፈለ፣ በየካሬው ያለውን እያንዳንዱን አከርካሪ አልባ እንስሳ ጻፈ። መስመሩ እንዳይጠፋም አለቱ ውስጥ የናስ ብሎኖች ቀበረ። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ፣ ሰው ለዳቦ በተሰለፈበት ዘመን፣ እሱ ቀንድ አውጣ ይቆጥራል። «ታዲያ?» ያሉት ሰዎች ብዛት ይታያችሁ!

60 ዓመት አለፈ። በ1993 ሬፍ ሳጋሪንና ሳራ ጊልማን የሚባሉ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብሎኖቹን ፈልገው አገኟቸው። ብሎኖቹ ስለነበሩ ካሬዎቹን እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ማሳረፍ ቻሉ። እንደገና ቆጠሩ። ከሁለት አንጋፋ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ1995 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤት ይህ ነው፤ ካነጻጸሯቸው 45 ዝርያዎች ውስጥ የሞቃታማው የደቡብ ባሕር ልጆች የሆኑት 9 ነበሩ፣ ከእነሱ 8ቱ በዝተዋል። የቀዝቃዛው የሰሜን ልጆች 8 ነበሩ፣ ከእነሱ 5ቱ ቀንሰዋል። በዚያው ቦታ የዳርቻው ውሃ አማካይ ሙቀት በ60 ዓመት ውስጥ በ0.75 ዲግሪ ጨምሯል። ባሕሩ ሲሞቅ ነዋሪዎቹ ወደ ሰሜን እየተሰደዱ ነበር ማለት ነው። ስደቱን ቀንድ አውጣና ሸርጣን አልተናገሩም፤ የተናገሩት የሂዋት ቁጥሮች ናቸው። ሂዋት ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ብሎ አልቆጠረም። ያለውን ብቻ ነው የጻፈው። ጥያቄው ከመልሱ 60 ዓመት ዘግይቶ መጣ።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት፣ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ማካ ቤይ የሚባል ቦታ አለ። በ1963 ሮበርት ፔይን የሚባል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት እዚያ ወርዶ ከአንድ አለት ላይ የባሕር ኮከቦችን በድጅኖ እየፈለቀቀ ወደ ውሃው ይወረውር ጀመር። ሌላው አለት ላይ ያሉትን ግን አልነካም። የባሕር ኮከብ ስሙ ውብ ይሁን እንጂ አዳኝ ነው፤ መስል የሚባለውን፣ ሁለት ጥቁር ቅርፊቱን እንደ መጽሐፍ የሚገጥመውን ፍጥረት ፈልቅቆ ይበላል። ኮከቡ ሲወገድ መስሉ አለቱን ወረረው። 15 ዝርያዎች ይኖሩበት የነበረው አለት ወደ 8 ወረደ። ፔይን በ1969 እንዲህ ዓይነቱን ፍጥረት ቅስት ከሚሠራበት ድንጋይ መካከል ሌሎቹን ቆልፎ በሚይዘው የአናት ድንጋይ መሰለው፤ እሱን ካወጣችሁት ቅስቱ ይናዳል። ፔይን በ2016 አረፈ፤ ሐሳቡ ግን የሥነ ምኅዳር ተማሪ ሁሉ የሚማረው ሆኗል።

ፔይን ኮከቦቹን ያወጣው ከአንድ አለት ብቻ ነበር። በ2013 በጋ ግን ሙከራውን የሚያካሂድ ሰው ሳይኖር ኮከቦቹ በመላው የባሕር ዳርቻ መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ክንዳቸው ይጣመማል፣ ገላቸው ይቆስላል፣ ከዚያ ክንዳቸው ከአካላቸው ተገንጥሎ ይሄዳል፣ በመጨረሻ እንደ ቀለጠ ሻማ አለቱ ላይ ይፈስሳሉ። ከሜክሲኮ እስከ አላስካ ከ20 በላይ ዝርያዎች ተጠቁ። ክፉኛ የተመታው «የሱፍ አበባ ኮከብ» የሚባለው ነው። እስከ 24 ክንድ ያለው፣ ጎልማሳው እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ፣ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት ኮከቦች አንዱ። ከ90 በመቶ በላዩ አለቀ፤ በግምት ከ5 ቢሊዮን በላይ። በ2020 ዝርያው በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ገዳዩ ለ12 ዓመት አልታወቀም ነበር፤ በነሐሴ 2025 ተመራማሪዎች የኮሌራ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነ ቪብሪዮ ፔክቴኒሲዳ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቁ።

ኮከቡ ሲጠፋ የሚበላው የባሕር ጃርት ተንፈስ አለ። ጃርቱ ደግሞ ኬልፕ የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ እንደ ዛፍ የሚቆመውን ትልቅ የባሕር አረም ይበላል። በዚያው ሰሞን ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቀ። በሰሜን ካሊፎርኒያ ከ2014 በኋላ ባሉት ዓመታት ከኬልፕ ደኑ ከ90 በመቶ በላይ ጠፋ። ደን ነበር፤ ጃርት የተነጠፈበት ምድረ በዳ ሆነ።

አሁን ጥያቄ። ውሃ ውስጥ ያለን፣ ማንም የማያርደውን፣ ገበያ የማይወጣን ፍጥረት «ከ90 በመቶ በላዩ አለቀ» ማለት የቻለው ማን ነው? ከምን ተነስቶ? መልሱ ቅጹ ነው። ተመራማሪዎቹ ግምቱን የሠሩት ከ60 ሺህ በላይ የቆጠራ መዝገቦችን ሰብስበው ነው። ከመዝገቦቹ ብዙዎቹ የተሞሉት ኮከቡ ይሞታል ብሎ ማንም ባላሰበበት ጊዜ ነው። ደክሟቸው፣ በርዷቸው፣ «ታዲያ?» ተብለው የጻፏቸው ቁጥሮች ናቸው። ከሞቱ በኋላ የተጻፉት ዜሮዎችም እንደዚያው። ሰዎቹ ያላዩትን ዘልለውት ቢሆን ኖሮ ኮከቡ ይጥፋ ወይም ቆጣሪው ይስነፍ መለየት አይቻልም ነበር።

በእኛ ቅጽ ላይ የሱፍ አበባ ኮከብ ስም አሁንም አለ። እኔ በቆጠርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ትይዩው ያለው ሳጥን ዜሮ ነው። ባለፈው በጋ አንድ ጎረምሳ «ይህን መስመር ለምን አናወጣውም? ቦታ ይዟል» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አስተማሪዋ ልጁን ቆማ አየችውና «ሲመለስ የት ልትጽፈው ነው?» አለችው። ስቀን ወደ ሥራችን ተመለስን። እኔ ግን ያን ቀን ዜሮውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ከበደኝ። በሕይወት ያለ አንድም አይቼ አላውቅም። ለእኔ ያለ እሱ የሆነው ዳርቻ ነው «ትክክለኛው» ዳርቻ። ዳንኤል ፖውሊ የሚባል የዓሣ ሀብት ተመራማሪ በ1995 ያነሳው ነገር ይሄ ነው፤ እያንዳንዱ ትውልድ መጀመሪያ ያየውን እንደ መነሻ ይወስዳል፣ ከዚያ በፊት የጎደለው አይታየውም። ልጆቼ ደግሞ እኔ ካየሁት ያነሰውን አይተው «ደህና ነው» ይላሉ። መነሻው እንዲህ እያለ ይንሸራተታል።

ይህን ስል አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል። ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ሰፈራችን ያሉ ሁሉ «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ልሸኝሽ ብለው አብረውኝ ወረዱ። እኔ ስቆጥር እሳቸው አለት ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አሰብ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጃርት እኛም እናውቀው ነበር» አሉኝ። «ስንዋኝ እግራችንን ወግቶ፣ እሾሁ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። እናቴ በመርፌ ነበር የምታወጣው።»

«ብዙ ነበር ጋሼ?»

«ብዙ? እግር ማስቀመጫ አልነበረም!»

«አሁንስ ይኖር ይሆን?»

ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ማን ያውቃል ለማለት።

«እግር ማስቀመጫ አልነበረም» የሚለው አነጋገር ያምራል። ግን በካሬ ሜትር ስንት ነው? ጋሼ ሲያልፉ ያቺ የአሰብ ዳርቻ፣ እሳቸው የሚያውቋት፣ አብራቸው ታልፋለች። እኛ ስለ ባሕር በር ስናወራ በሩን እንጂ ባሕሩን አናነሳም፤ ታቹንማ ጨርሶ። እሳቸው ሳያውቁት 12 ዓመት ሙሉ ባዶ እግራቸውን እየተወጉ ጥናት ሲያካሂዱ ነበር። ቅጽ የሰጣቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

«እሺ፣ እኛ ባሕር የለንም፤ ምን አገባን?» ለምትሉ ደግሞ ቀበና አለላችሁ። ዘዴው ለወንዝም ያው ነው። ወንዝ ታች ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት አሉ። አንዳንዶቹ፣ ኦክስጅን የሞላበት ንጹሕ ውሃ ካላገኙ የማይኖሩ ባለ ስድስት እግር እጮች ናቸው። ሌሎቹ፣ እንደ ቀያዮቹ የትንኝ መሰል እጮች ያሉት፣ ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ውስጥም ይቋቋማሉ። ስለዚህ ድንጋይ ገልብጣችሁ ማን እንዳለ ካያችሁ ወንዙ በምን ሁኔታ እንዳለ ታውቃላችሁ። ውሃው ዛሬ ጠርቶ ሊውል ይችላል፤ ታች ያሉት ግን የከረመውን ሁሉ ቀምሰዋል። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ሞክሮታል። እጅግ በቆሸሹት ቦታዎች ላይ እነዚህ ነፍሳት ከመመናመናቸው የተነሳ ከቆሻሻና ከባሰ ቆሻሻ ለመለየት እንኳ አላገለገሉም፤ ለዚያ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ያሳዝናል። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ባዶ ሳጥን አይደለም። ወርዶ ያየ፣ ፈልጎ ያጣ፣ የጻፈ ሰው አለ።

ከ2019 ጀምሮ የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል። መንገዱ ተነጠፈ፣ ሣሩ ተተከለ፣ ፎቶ ተነሳንበት። ደስ ይላል፤ እኔም ስመጣ እሄድበታለሁ። ግን ዳርቻው ያማረ ወንዝ ታቹ መለወጡን በፎቶ ማወቅ አይቻልም። ለዚያ ወንፊት፣ ነጭ ሳህን፣ ጓንት፣ እርሳስና ቅጽ ይዞ በየዓመቱ እዚያው ቦታ የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል። (ጓንቱን አደራ! ቀበና ነው የምንለው።) የባዮሎጂ ተማሪ የሆናችሁ፣ የትምህርት ቤት የአካባቢ ክበብ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ፈትታችሁ ካፌ የምትቀመጡ… ቦታውን ምልክት አድርጉበት። ብሎን ባይሆን ቀለም። የመጀመሪያው ዓመት ቅጽ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሊሆን ይችላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ወንዙ አንድ ቀን ከዳነ፣ መዳኑን የሚመሰክረው እሱ የዜሮ ዓምድ ነው። አንድ ዓመት፣ ከዜሮዎቹ መካከል፣ የሆነ ሰው «1» ብሎ ይጽፋል።

ለ«ታዲያ?» ያለኝ መልስ ይሄው ነው። ዘመዶቼ አሁንም አልተዋጠላቸውም። አንዷ አክስቴ ግን ባለፈው ስትደውል ከሰላምታው በኋላ «እና ዘንድሮስ ስንት ሆነ ያ ኮከብሽ?» አለችኝ።

ዜሮ አልኳት። «ውይ!» አለች፣ ከልቧ።